የሐኪም ሂዴዮ ኖጉቺ የሕይወት ታሪክና የተሸሸገው በሽታ

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለው ተረት በሁላችንም ቤት የታወቀ ነው። ምክሩ የተሰጠው ለበሽተኛው ነው። ነገር ግን በሽተኛው ምንም ሳይደብቅ፥ በሽታው ራሱ በሌላ በሽታ ስም ተሸሽጎ የሚኖርበት ጊዜ አለ። እንዲህ ያለው በሽታ ሐኪሙን ያሳስታል፤ መድኃኒቱም ያለ ቦታው እንዲሰጥ ያደርጋል። እኛም ለትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በሚታተመው በዚህ መጽሔት የምናቀርበው፥ እንዲህ ያለው የተሸሸገ በሽታ ያሳሳተውን፥ እውነቱንም ፍለጋ ወደ አፍሪካ መጥቶ በዚያው የሞተውን የጃፓናዊውን ሐኪም የሂዴዮ ኖጉቺን ታሪክ ነው።

ይህን ታሪክ የመረጥነው እኛ የገላፊ ልጆች ነን። ገላፊ አገራችን ከጂቡቲ ጋር የምትገናኝባት የጠረፍ በር ናት፤ ከወደቡ የሚመጡት የጭነት መኪናዎች ተሰልፈው ያልፉባታል። ከመካከላችን የአርብቶ አደር ልጅ አለ፥ የሾፌር ልጅ አለ፥ ወላጆቹ ሻይ ቤት ያላቸውም አለ። ትኩሳት ሲይዘን ግን በሁላችንም ቤት የሚሰጠው ስም አንድ ነው፤ ወባ ይባላል። ብዙ ጊዜም እውነት ነው። ትኩሳት ሁሉ ወባ እንዳልሆነ ግን የኖጉቺ ታሪክ ያስተምረናል። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሰው ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

ኖጉቺ በ1876 ዓ.ም. በጃፓን አገር፥ በፉኩሺማ፥ ከኢናዋሺሮ ሐይቅ አጠገብ በምትገኝ መንደር ከድኾች ገበሬዎች ተወለደ። በሕፃንነቱ የወጣለት ስም ሴይሳኩ ነበረ። አባቱ መጠጥ የሚወድ ሰው ስለ ነበረ የቤቱ ሸክም ሁሉ በእናቱ በሺካ ላይ ወደቀ። ሕፃኑ አንድ ዓመት ተኩል ያህል ሲሆነው፥ እናቱ ለሥራ ወጣ ባለችበት ሰዓት፥ በቤቱ መካከል በሚነድደው ምድጃ ውስጥ ወደቀ። ሺካ ሮጣ ስትደርስ ግራ እጁ ክፉኛ ተቃጥሎ አገኘችው። በመንደሩ ሐኪም ስላልነበረ ቍስሉ እንደ ነገሩ ዳነ፤ ጣቶቹ ግን ተጣብቀው ቀሩ።

እናቱ በዚያ እጅ ማረስ እንደማይችል ባየች ጊዜ በትምህርት እንዲያድር ቈረጠች። የሰው እርሻ እየሠራች፥ ሸክም እየተሸከመች ልጇን አስተማረች። በትምህርት ቤት ልጆች በእጁ ያፌዙበት ነበረ፤ እሱ ግን በትምህርቱ ከሁሉ በለጠ። ኮባያሺ የሚባል መምህር ይህን አይቶ፥ ወደ ከፍተኛው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንዲገባ ረዳው። በዚያም ሳለ እጁ ያሳደረበትን ሐዘን ገልጦ አንድ ድርሰት ጻፈ። ድርሰቱን የሰሙት መምህራንና ተማሪዎች ልባቸው ተነክቶ ገንዘብ አዋጡለት። በ1892 ዓ.ም. በዋካማትሱ ከተማ፥ በአሜሪካ የተማረ ዋታናቤ የሚባል ሐኪም እጁን ቀደደና ጣቶቹን አላቀቃቸው። እጁ እንደ ሌላው ሰው እጅ ባይሆንም ዕቃ መያዝ ቻለ። ልጁም ሐኪም ለመሆን የወሰነው በዚያን ጊዜ ነው።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ብለን እናስብ። ይህ ሰው ዓለም ያወቀው ሐኪም የሆነው በክፍል ጓደኞቹ መዋጮ ነው። ከእኛ ክፍል ውስጥ ማን ምን እንደሚሆን ዛሬ የሚያውቅ የለም።

ኖጉቺ እጁን ባከመለት ሐኪም ቤት እየተላላከ ሕክምና መማር ጀመረ። በ1896 ዓ.ም. ወደ ቶኪዮ ሄደ፤ ከቤቱ ሲወጣም ያሰበውን ሳይፈጽም ወደ ትውልድ መንደሩ ላይመለስ ቃሉን በቤቱ ምሰሶ ላይ ቀረጸ። በሚቀጥለው ዓመት፥ ዕድሜው ኻያ አንድ ገደማ ሲሆን፥ የሐኪምነቱን ፈተና አለፈ። ከዚያም በታላቁ ሊቅ በኪታሳቶ የምርምር ተቋም ሠራ፤ ሂዴዮ የሚለውንም ስም የያዘው በዚህ ዘመን ነው። በ1899 ዓ.ም. በዮኮሃማ ወደብ መርከቦችን በሚመረምረው ክፍል ሲሠራ፥ ቸነፈር የያዘውን መርከበኛ ለይቶ አወቀ።

ሆኖም ኖጉቺን እንከን የሌለበት ሰው አድርገን አንጽፍም። ገንዘብ በእጁ አይበረክትም ነበረ፤ የተበደረውን በግብዣ ጨርሶ ወዳጆቹን ያስቸግር ነበረ። በ1900 ዓ.ም. መጨረሻ አሜሪካ ሲገባም የሚቀበለው ሥራ አልነበረም። ቀደም ብሎ ጃፓን ውስጥ ያገኘውን ፕሮፌሰር ሳይመን ፍሌክስነርን በፊላዴልፊያ ከተማ ፈልጎ አገኘና ሥራ ለመነ። ፍሌክስነርም የእባብ መርዝ እንዲመረምር ሥራ ሰጠው። ከዚያ ወዲያ ቀንና ሌሊት የሚሠራ ሰው ሆነ። በ1904 ዓ.ም. በኒው ዮርክ በሮክፌለር የሕክምና ምርምር ተቋም ገባ። በ1913 ዓ.ም. የቂጥኝ ተሕዋስ በአእምሮ ሕሙማን አንጎል ውስጥ መኖሩን አሳየ፤ በዚህም በዓለም ታወቀ። ይሁን እንጂ ለቂጥኝ ምርመራ ያወጣውን የቆዳ ፈተና ሲሞክር፥ ፈቃዳቸው ያልተጠየቀ ሕሙማንና ሕፃናት ነበሩበት። ይህ በዚያን ጊዜም ብዙ ወቀሳ አመጣበት፤ ዛሬ ፈጽሞ የተከለከለ ነው።

እናቱ ሺካ ፊደል ሳታውቅ አርጅታ ነበረ። ልጇ እንዲመጣላት ለመለመን ስትል መጻፍ ተማረችና በገዛ እጇ ደብዳቤ ላከችለት። በ1915 ዓ.ም. ወደ ጃፓን ተመለሰ፥ እናቱንም አገኛት፥ የአገሩንም የሳይንስ አካዳሚ ሽልማት ተቀበለ። ከሦስት ዓመት በኋላ እናቱ ሞተች፤ ዳግመኛም አልተያዩም።

አሁን ወደ ተሸሸገው በሽታ እንመለስ። በ1886 ዓ.ም. አዶልፍ ቫይል የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም አንድ ብርቱ ሕመም ገለጠ። በሽተኛው በድንገት ያተኵሰዋል፥ ራሱንና ባቱን ያመዋል፥ ዐይኑ ይቀላል፤ ሲብስበትም ዐይኑና ቆዳው ቢጫ ይሆናል፥ ኵላሊቱ ይደክማል፥ ደምም ይፈስሰዋል። የሕመሙ መነሻ ግን ለኻያ ዘጠኝ ዓመት ያህል አልታወቀም ነበረ። በ1915 ዓ.ም. ኢናዳና ኢዶ የሚባሉ ጃፓናውያን ሐኪሞች በኪዩሹ ደሴት የድንጋይ ከሰል ከሚቈፍሩ ሠራተኞች ደም ውስጥ እንደ ክር የቀጠነ፥ እንደ ምንጭ ሽቦ የተጠማዘዘ ተሕዋስ አገኙ። በዚያው ዘመን የጀርመን ሐኪሞች በጦር ምሽግ ከታመሙ ወታደሮች ይህንኑ አገኙ። ማዕድን ቈፋሪውና ወታደሩ ምን ያገናኛቸዋል ቢባል፥ ሁለቱም አይጥ በበዛበት ቦታ እርጥብ መሬት ላይ ቆመው የሚውሉ ናቸው። ኖጉቺ በ1917 ዓ.ም. ይህንኑ ተሕዋስ በኒው ዮርክ አይጦች ውስጥ አገኘ፤ ከሌሎቹም ጠምዛዛ ተሕዋስያን የተለየ መሆኑን አይቶ ሌፕቶስፓይራ የሚል ስም ሰጠው። ትርጓሜውም ቀጭን ጥምዝ ማለት ነው። በሽታው ዛሬ ሌፕቶስፓይሮሲስ ይባላል።

የዚህ ተሕዋስ አኗኗር ለአርብቶ አደር ልጅ ማወቅ የሚገባው ነገር ነው። የሚኖረው በእንስሳት ኵላሊት ውስጥ ነው። አይጥ ምንም ሳይታመም ዕድሜ ልኩን ሊይዘው ይችላል፤ ላም፥ ፍየል፥ በግ፥ ፈረስ፥ ግመልና ውሻም ይይዙታል። ከሽንታቸው ጋር ወጥቶ በረጋ ውሃና በእርጥብ አፈር ውስጥ ለብዙ ሳምንታት ይቈያል። ከዚያም በተሰነጠቀ ተረከዝ፥ በቍስል፥ በዐይን ወይም በአፍ አድርጎ ወደ ሰው ይገባል። ከብትንም አይምርም፤ እርጉዟ ላም ጽንሷን ትጥላለች፥ የምታልበው ወተት ይጐድላል፥ ጥጃም ሽንቱ ደም መስሎ ሊሞት ይችላል። እንግዲህ አንድ በሽታ የከብቱንም የባለ ከብቱንም ቤት በአንድነት ይመታል ማለት ነው።

ኖጉቺ ለተሕዋሱ ስም ባወጣ በዓመቱ፥ በ1918 ዓ.ም.፥ ቢጫ ወባ ወደ በረታባት ወደ ጓያኪል፥ ወደ ኢኳዶር ወደብ ተላከ። ቢጫ ወባ የሚተላለፈው በቢምቢ ነው፤ መነሻውም በዚያን ጊዜ መሣሪያ የማይታይ እጅግ ረቂቅ ቫይረስ ነው። ነገር ግን ትኩሳቱ፥ ቢጫነቱና የደም መፍሰሱ የቫይልን በሽታ እጅግ ይመስላል። ኖጉቺ ቢጫ ወባ አለባቸው ከተባሉ በሽተኞች ደም ወስዶ መረመረና በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሌፕቶስፓይራ አገኘ። የቢጫ ወባን መነሻ አገኘሁ ብሎም ለዓለም አስታወቀ። ክትባት ሠራ፤ መንግሥታት አከበሩት፥ ጋዜጦች አመሰገኑት።

ሊቁ እንዴት ተሳሳተ? በመጀመሪያ፥ ከቢጫ ወባ በሽተኞች ጋር በቫይል በሽታ የታመሙ ሰዎች ተቀላቅለው ነበሩ፤ በዐይን ሲያዩአቸው አይለዩም። ሁለተኛ፥ የቢጫ ወባ መነሻ ባክቴሪያ በማያሳልፍ ማጣሪያ የሚያልፍ መሆኑ ከ1901 ዓ.ም. ጀምሮ ይታወቅ ነበረ። ሌፕቶስፓይራም ባክቴሪያ ሆኖ ሳለ ከቅጥነቱ የተነሣ በዚያው ማጣሪያ ሾልኮ ያልፋል። ስለዚህ የተፈለገው እሱ መሰለ። ሦስተኛውና ትልቁ፥ ኖጉቺ ገና ሳይሄድ ሌፕቶስፓይራን በልቡ ይዞ ሄዶ ነበረ፤ የፈለገውንም አገኘ።

ከሱ በፊትም እንዲሁ ያለ ነገር ተደርጎ ነበረ። በ1907 ዓ.ም. ስቲምሰን የሚባል አሜሪካዊ፥ በቢጫ ወባ ሞተ ከተባለ ሰው ኵላሊት ውስጥ ጫፉ እንደ ጥያቄ ምልክት የታጠፈ ተሕዋስ አይቶ በጥያቄ ስም ጠርቶት ነበረ። ያም ሌፕቶስፓይራ ነበረ። ስቲምሰን ጥያቄውን ጥያቄ አድርጎ ተወው፤ ኖጉቺ ግን መልስ አደረገው።

ከዚህ በኋላ ጥርጣሬ ተነሣ። ኩባዊው ሐኪም አግራሞንቴ ተቃወመው። በ1926 ዓ.ም. ማክስ ታይለርና ሴላርድስ የኖጉቺ ተሕዋስ ከቫይል በሽታ ተሕዋስ የማይለይ መሆኑን አስረዱ። ክትባቱም ቀረ። በ1927 ዓ.ም. አድሪያን ስቶክስና ጓደኞቹ በምዕራብ አፍሪካ፥ አሲቢ ከሚባል ትኩሳት ከያዘው የጎልድ ኮስት ሰው ደም ወስደው ዝንጀሮን በቢጫ ወባ አሳመሙ፤ ሌፕቶስፓይራ ግን አላገኙም። አሲቢ ዳነ፤ ስቶክስ ግን በዚያው ዓመት በዚሁ በሽታ ሞተ።

በዚህ ጊዜ ኖጉቺ ሁለት መንገድ ነበረው። አንዱ በኒው ዮርክ ተቀምጦ በጽሑፍ መከራከር ነው፤ ሌላው በሽታው ወዳለበት ሄዶ ማየት ነው። ሁለተኛውን መረጠ። በ1927 ዓ.ም. ኖቬምበር ወር ዛሬ ጋና በምትባለው በጎልድ ኮስት፥ በአክራ ከተማ ደረሰ። ለስድስት ወር ያህል ዝንጀሮዎችን እየመረመረ ያለ ዕረፍት ሠራ። ሊመለስ ሲል ታመመ፤ ቢጫ ወባ ይዞት ነበረ። በ1928 ዓ.ም. ሜይ 21 ቀን በአምሳ አንድ ዓመት ዕድሜው ሞተ። ከሱ ጋር የሠራው እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ያንግም በጥቂት ቀናት ውስጥ በዚሁ በሽታ ተከተለው። የኖጉቺ አስከሬን ወደ ኒው ዮርክ ተወስዶ ተቀበረ።

ከአሲቢ ደም በተገኘው ቫይረስ ታይለር በ1937 ዓ.ም. እውነተኛውን የቢጫ ወባ ክትባት ሠራ፤ በ1951 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ጋናም ኖጉቺን አልረሳችውም፤ ከ1979 ዓ.ም. ጀምሮ በስሙ የሚጠራ የሕክምና ምርምር ተቋም አላት። በጃፓን አገር ከ2004 እስከ 2024 ዓ.ም. ሲታተም በነበረው የሺ የን ብር ላይ ምስሉ ነበረበት፤ በአዲሱ ብር ላይ በሱ ቦታ የተተካው የቀድሞ አለቃው ኪታሳቶ ነው።

አንዳንድ ሰው ኖጉቺ ተሳስቷልና ታሪኩ ለምን ይነገራል ይል ይሆናል። እኛ ሦስት ነገር እንመልሳለን። የመጀመሪያው፥ ስሕተቱ ጉዳት ያለው ነበረ፤ የማያድን ክትባት የታመነባቸው ዓመታት ነበሩና ይህን መሸፈን አይገባም። ሁለተኛው፥ ስሕተቱን ለመመርመር ነፍሱን አስይዞ ሄዷል፤ ይህን ለማድረግ የሚደፍር ጥቂት ነው። ሦስተኛው፥ የሌፕቶስፓይራን ስም ለዓለም የሰጠ እሱ ነው፤ ያንን ስም ዛሬ እኛ እንፈልገዋለን።

የምንፈልገውም ስለዚህ ነው። በአገራችን ከ1960 እስከ 1962 ዓ.ም. በደቡብ ምዕራብ፥ በኦሞ ወንዝ አካባቢ የተነሣው ቢጫ ወባ 30,000 ያህል ሰው እንደ ገደለ ተገምቷል። የበሽታው ስም በቋንቋችን ወባ የሚል ቃል አለበት፤ ወባ ግን አይደለም። ዐይንን ቢጫ የሚያደርገውን ሕመም ሁሉ ደግሞ የወፍ በሽታ እንለዋለን፤ በዚህ ስም ውስጥም ብዙ በሽታዎች ተቀላቅለው ይኖራሉ። እንግዲህ የጓያኪል ስሕተት በእኛም ቤት በየቀኑ ሊደረግ ይችላል።

ሌፕቶስፓይሮሲስም ከአገራችን ሩቅ አይደለም። በ1975 ዓ.ም. የታተመ ጥናት በኢትዮጵያ በፈረሶች፥ በላሞች፥ በፍየሎች፥ በበጎችና በግመሎች ደም ውስጥ የበሽታውን ምልክት እንዳገኘ ገልጧል። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ በወንጂ ትኩሳት ይዟቸው ለሕክምና የመጡ 59 ሰዎች ተመርምረው ግማሽ ያህሉ ምልክቱ ተገኝቶባቸዋል። ወንጂ በአዋሽ ዳር ያለ የሸንኮራ አገዳ አገር ነው፤ አገዳ ቈራጩ አይጥ በሞላበት እርጥብ እርሻ ውስጥ ይውላል። ያው አዋሽ ከወንጂ ወርዶ፥ በመተሐራና በገዋኔ አልፎ፥ ዱብቲንና አሳይታን አጠጥቶ፥ ባሕር ሳይደርስ በአቤ ሐይቅ የሚቀረው የእኛው ወንዝ ነው። በክረምት ሞልቶ ሲወጣ ሜዳው ሁሉ ኵሬ ይሆናል፤ ከብቱ ይጠጣበታል፥ ይሸናበታል፥ ልጁም ይታጠብበታል። ገላፊ ደረቅ አገር ብትሆንም ሰውና ከብት በአንድ ውሃ የሚገናኙባት ጊዜ አለ፤ አይጥም እህል ካለበት አይጠፋም።

የሚደረገው ነገር ከባድ አይደለም። ለከብት የሚቀዳውን ውሃ ለሰው ከሚቀዳው መለየት፤ የሚጠጣውን ውሃ ማፍላት፤ እግሩ የቈሰለ ልጅ በረጋ ውሃ ውስጥ በባዶ እግሩ እንዳይገባ መከልከል፤ እህልንና ምግብን ከድኖ አይጥን ማራቅ፤ ጽንስ የጣለችን እንስሳ በባዶ እጅ አለመንካትና ለእንስሳት ሐኪም ማስታወቅ። ከሁሉ በላይ ግን ትኩሳት የያዘው ሰው የወባ ምርመራው ነጻ ከሆነ ነገሩን በዚያ እንዳይተው፥ ከከብት ወይም ከኵሬ ውሃ ጋር የዋለ መሆኑን ለሐኪሙ ይንገር። በሽታው በጊዜ ከታወቀ በፔኒሲሊን ወይም በዶክሲሳይክሊን ይድናል፤ ከዘገየ ግን ኵላሊትን ያጠፋል። መድኃኒቱን የሚያዝዘው ግን ሐኪም እንጂ ጎረቤት አይደለም።

ውድ ወላጆቻችንና መምህሮቻችን ሆይ፤ ሺካ ለልጇ ስትል በእርጅናዋ ፊደል ቈጠረች፥ የኢናዋሺሮ ተማሪዎችም ለጓደኛቸው እጅ ገንዘብ አዋጡ። እናንተም ለእኛ ያደረጋችሁት ከዚህ አያንስም። እኛ ደግሞ በበኩላችን ከዚህ ትምህርት ቤት ስንወጣ፥ ያልመረመርነውን አወቅን ላንል፥ ተሳስተን ስንገኝም እውነቱን ለማየት እስከ ቦታው ድረስ ልንሄድ ቃል እንገባለን። በገላፊም ሆነ በአዋሽ ዳር ትኩሳት ይዞት የተኛ ልጅ በትክክለኛ ስሙ የሚጠራ በሽታ እንዲኖረው ያስፈልጋል፤ ከዚያ በኋላ መድኃኒቱ ይገኛል።